ጥሩ ማስተማር በምን ይለካል?
ለመምህርነት ልህቀት ሽልማት የሚቀርብ ማመልከቻ እንደ ሳይንሳዊ ጽሑፍ

በትምህርት ክፍሎች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በፈተና ፕሮግራምና በጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ መካከል፣ ለምርጥ መምህርነት ሽልማት መወዳደር የሚፈልጉ እንዲያመለክቱ የሚጋብዝ ወረቀት አልፎ አልፎ ተለጥፎ ይታያል። ጥሪውን ያነበበ መምህር ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያደርገው ቢሮው ገብቶ መሳቢያውን መክፈት ነው። የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች፣ የምስጋና ደብዳቤዎች፣ የተማሪዎች ግምገማ ውጤቶች፣ የኮርስ ዝርዝሮች እየተለቀሙ በአንድ ፎልደር ይታጨቃሉ። ፎልደሩ ሲወፍር ማመልከቻው የተጠናቀቀ ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ ይህ ወፍራም ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀውን ጥያቄ እንደማይመልስ ነው። ጥያቄው «ስንት ዓመት አስተማሩ?» ወይም «ተማሪዎችዎ ይወዱዎታል?» የሚል አይደለም። «በእርስዎ ማስተማር ምክንያት ተማሪዎችዎ ቀድሞ የማይችሉትን ምን ነገር ቻሉ? ይህንንስ በምን ያውቃሉ?» የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል በቤተ ሙከራ ውስጥ ከምንጠይቀው ጥያቄ በምንም አይለይም። አንድ ነገር ተለወጠ ካልን መለኪያችንን፣ የመለኪያችንን ስሕተትና ያነጻጸርንበትን መነሻ ማሳየት ይጠበቅብናል።

ውድ አንባቢያን፣ «እኛ ተማሪዎች ነን፤ የመምህራን ሽልማት ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምትሞሏት የግምገማ ቅጽ በመምህሩ ፋይል ውስጥ ትገባለች፤ ስለዚህ በጉዳዩ ምስክሮች ናችሁ። ከዚህም በላይ ከእናንተ መካከል ጥቂት የማይባሉት ነገ ራሳቸው መምህራን ይሆናሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት እንዲያመቸን አንዲት መምህርት በሐሳባችን እንፍጠር። ይህች መምህርት መሪ በሚባለው ሰፈር ትኖራለች። ማለዳ ከመሪ ጣቢያ የቀላል ባቡር ተሳፍራ በሲኤምሲ በኩል ወደ መገናኛ ትወርዳለች፤ በስተ ሰሜን የእንጦጦ ጋራ ደመና ለብሶ ይታያታል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ ታስተምራለች። የሽልማቱን ጥሪ አንብባለች። ምን ትጻፍ?

የፋይሉ አመጣጥ

የማስተማር ሥራን በማስረጃ አስደግፎ በአንድ ፋይል የማቅረብ ልማድ መልክ የያዘው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ ነው። የዚያ አገር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ያነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር። ተመራማሪ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ዘርዝሮ እድገት ይጠይቃል፤ ጥሩ አስተማሪ ግን የሚዘረዝረው ነገር ስለሌለው ሥራው በክፍሉ አራት ግድግዳ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ለማስተማርም የሚቆጠር ማስረጃ እናብጅለት የሚል ነው። ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የብሪታኒያ ብሔራዊ የማስተማር ሽልማት አመልካቾቹን በሦስት ነገር ይመዝናል። እነርሱም አመልካቹ በገዛ ክፍሉ ያሳየው ብልጫ፣ የባልደረቦቹን ማስተማር ለማሻሻል ያደረገው አስተዋጽኦና ራሱን ለማሳደግ የሚያደርገው ጥረት ናቸው።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ሠልጣኞች የገዛ ማስተማራቸውን እየመረመሩ ፖርትፎሊዮ እንዲያዘጋጁና ተግባራዊ ምርምር እንዲያካሂዱ ያደርጋል። በብዙ መምህራን ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ ፖርትፎሊዮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሥልጠናው ሲጠናቀቅ ፖርትፎሊዮውም አብሮ ተጠናቀቀ መባሉ ያሳዝናል።

የተማሪዎች መጠይቅ የሚያውቀውና የማያውቀው

የመሪዋ መምህርታችን መጀመሪያ የሚታወሳት ማስረጃ የተማሪዎቿ ግምገማ ነው። ባለፈው ዓመት ከ5 ነጥብ 4.1 አግኝታ ነበር፤ ዘንድሮ 4.3 አገኘች። «አሻሽያለሁ» ብላ ልትጽፍ ትችላለችን?

በመጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን እንመርምር። መጠይቁን የሞሉት በየዓመቱ 40 ተማሪዎች ናቸው፤ ነጥቦቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን፣ ማለትም መደበኛ ልይይታቸው፣ 0.9 ነው እንበል። የአንድ ዓመት አማካይ ስሕተት 0.9 ለ40 ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው፣ ይኸውም 0.14 ያህል ነው። የሁለቱ አማካዮች ልዩነት ስሕተት ደግሞ ወደ 0.2 ይጠጋል። የተገኘው ልዩነትም 0.2 ነው። ልዩነቱ ከስሕተቱ ጋር ሲተካከል፣ በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ «ለውጥ አለ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥቡ ይቀነስበታል። መምህሩም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ግን መጠይቁ የሚለካው ምኑን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ አንድ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ስለማያውቀው የሒሳብ ዘርፍ ለሐኪሞችና ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ንግግር እንዲያደርግ ተደረገ። ንግግሩ በቀልድና በሞቀ አነጋገር የተሞላ ሆኖ፣ ፍሬ ነገር እንዳይኖረውና እርስ በርሱ እንዲጋጭ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። አድማጮቹ በመጠይቁ ላይ በአብዛኛው አመሰገኑት። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ጥናት ትንሽና ለትችት የተጋለጠ ቢሆንም፣ ያነሣው ጥርጣሬ አልተረሳም።

ጥርጣሬውን በጠንካራ መረጃ የፈተሹት ስኮት ካሬልና ጄምስ ዌስት ናቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎችን በመምህራን ላይ የሚደለድለው በዕጣ ነው፤ የጋራ ኮርሶችን የሚወስዱ ክፍሎች የሚቀመጡትም ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው፤ ተማሪዎቹም ቀጣዩን ኮርስ የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ለተመራማሪ ይህ የታደለ ቤተ ሙከራ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ የሆኑ ተማሪዎችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተማሪዎቻቸው በያዙት ኮርስ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ እንዲያገኙ የረዱ መምህራን ከፍ ያለ የግምገማ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳዩ። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። የእነዚህ መምህራን ተማሪዎች በቀጣዩ ኮርስ ያመጡት ውጤት በአማካይ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው ያስቸገሯቸውና ዝቅ ያለ ግምገማ የተሰጣቸው መምህራን ያስተማሯቸው ተማሪዎች ደግሞ ኋላ ላይ በልጠው ታዩ።

ይህ ግኝት ለኛ ሰዎች ጨርሶ አዲስ ነው ለማለት ያስቸግራል። በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ልማድ ተማሪው መምህር ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ኋላም በሌላ ደብር ቅኔ ሲቀኝ አድማጩ «ማን ዘንድ ተማርህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የየኔታው ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም ያን ጊዜ ነው። ተማሪው ገና ከጎጆው ሳይወጣ የኔታው ደግ ይሁኑ ቁጡ የሚጠይቅ መጠይቅ የሚሞላበት ልማድ አልነበረም። የኔታዎቹ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ እያልን አይደለም፤ ዱላቸውንም አንናፍቅም። ሆኖም መምህርን በተማሪው ኋለኛ ሥራ መመዘን የሚለው ሐሳብ ካሬልና ዌስት ካደረጉት ጋር ይገጥማል።

ተማሪው በጊዜው የተማረውን ያህል የተማረ የማይመስለው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መልስ ይጠቁማል። የመግቢያ ፊዚክስ ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ የተዋጣለት ገለጻ ሲያዳምጡ ከፊሎቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው ጥያቄ ሲፈቱ ዋሉ፤ በሌላ ርዕስ ላይ ደግሞ ተለዋወጡ። በቡድን ሲፈቱ የዋሉት በፈተናው የተሻለ አመጡ። ሲጠየቁ ግን ብዙ የተማሩ የመሰላቸው ገለጻውን ሲያዳምጡ ነበር። የሚንቆረቆር ገለጻ ሰሚውን የገባው ያስመስለዋል፤ መታገል ደግሞ ያልገባው ያስመስለዋል። አንባቢያችን በዚህ ሴሚስተር ያማረረውን መምህር እስቲ ያስታውስ!

በመምህርታችን ላይ ሌላ ሸክምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በኢንተርኔት ብቻ በሚሰጥ ኮርስ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አስተማሪ በአንዳንድ ቡድኖች ላይ ስማቸውን ተለዋውጠው አስተማሩ። ተማሪዎቹ ወንድ መስሎ የታያቸውን አስተማሪ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡት። የተሳተፉት ተማሪዎች 43 ብቻ ስለሆኑ በዚህ ጥናት ብቻ መደምደም አይገባም፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ዝንባሌ በሰፋፊ ጥናቶችም ታይቷል።

ይህን ሁሉ ስንል መጠይቁ ይጣል ማለታችን አይደለም። መምህሩ በሰዓቱ ይገባል? የታረመ ወረቀት ይመልሳል? ድምፁ ከኋላ ወንበር ይሰማል? ጥያቄ የጠየቀን ተማሪ ያሳፍራል? በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከተማሪ የተሻለ ምስክር ከየትም አይገኝም። መጠይቁ ስሕተት የሚሆነው የማያውቀውን ሲጠየቅ ነው።

የመሪው ባቡርና የሠላሳ ጥያቄዎች ፈተና

እንግዲህ መምህርታችን የመማርን መጠን ራሱን ወደሚለካ መሣሪያ መሄድ አለባት። አንድ ጥያቄ ለአንባቢም እንስጥ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ ቀላል ባቡር ከመሪ ጣቢያ ተነሥቶ ፍጥነቱን ከጨመረ በኋላ፣ ቀጥ ባለና ሜዳ በሆነ ሐዲድ ላይ በማይለወጥ ፍጥነት እየተጓዘ ነው። በዚህ ጊዜ በባቡሩ ላይ የሚያርፉት ጉልበቶች ድምር፦ ሀ) ወደ ፊት ያመዝናል፤ ለ) ወደ ኋላ ያመዝናል፤ ሐ) ዜሮ ነው፤ መ) በባቡሩ ክብደት ይወሰናል።

የኒውተንን ሕጎች በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብዙውን ጊዜ «ሀ»ን ይመርጣሉ። መልሱ «ሐ» ነው። የሞተሩ ግፊት ከሰበቃውና ከአየሩ ተቃውሞ ጋር እኩል ስለሆነ ነው ፍጥነቱ የማይለወጠው። ግፊቱ ቢያመዝን ኖሮ ባቡሩ ፍጥነት መጨመሩን አያቆምም ነበር። ተማሪው የተሳሳተው ሰንፎ አይደለም። ጋሪ ገፍቶ፣ ጀሪካን ጎትቶ ያደገ ሰው «ካልገፉት ይቆማል» የሚለውን ከሕይወቱ ተምሯል፤ ሰበቃን ግን አይቶት አያውቅም። ይህ ሥር የሰደደ እምነት ቀመር በማስጠናት አይነቀልም።

ዴቪድ ሄስቴነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ፈተና የተሠራው እንደዚህ ባሉ ጥያቄዎች ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ 30 ጥያቄዎችን ይዟል፤ ስሌት የለበትም፤ የተሳሳቱት አማራጮች ተማሪዎች በእርግጥ ከሚያምኑባቸው ነገሮች የተወሰዱ ናቸው። የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር እንዲህ ያለ ፈተና ሲያይ ለተማሪዎቹ እጅግ ቀላል መስሎት ነበር። ሰጣቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የምትመልሰው እርሱ ባስተማራት መንገድ ይሁን ወይስ እርሷ ራሷ እንደምታስበው ብላ ጠየቀችው። ውጤቱ ሲታይ ማዙር ደነገጠ። ከባድ ስሌት የሚሠሩት ተማሪዎቹ ቀላሉን ጽንሰ ሐሳብ አልያዙትም ነበር፤ በግምገማ መጠይቁ ላይ ግን ከፍተኛ ነጥብ ይሰጡት ነበር። ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄ አቅርቦ፣ ተማሪዎቹ ለየብቻ መልስ እንዲመርጡ አድርጎ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ካከራከራቸው በኋላ እንደገና እንዲመርጡ የሚያደርገውን ዘዴ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለከፍተኛ ትምህርት እድገት የሚሰጠውን የሚነርቫ ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። ለሽልማት ያበቃው ታሪክ የጀመረው ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ባወቀበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል።

ለዚህ ዘዴ የግድ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አያስፈልግም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት የካርቶን ቁራጮች ለእያንዳንዱ ተማሪ ከተሰጡ በቂ ነው።

ለውጡን በቁጥር ማስላት

ፈተናው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይታሰብ፣ ነጥብም ሳይያዝበት ይሰጣል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻም ይደገማል። ሁለቱን ለማወዳደር ሪቻርድ ሄክ የተጠቀመበት ስሌት ቀላል ነው። የጨመረው ነጥብ ሊጨምር ይችል ለነበረው ነጥብ ይካፈላል። ክፍሉ ከ100 በአማካይ 40 አግኝቶ ጀምሮ በ58 ቢጨርስ፣ ጭማሪው 18፣ ሊጨምር ይችል የነበረው 60 ስለሆነ፣ ውጤቱ 0.30 ነው። ከ70 ጀምሮ በ79 የጨረሰ ሌላ ክፍልም 9 ለ30 ተካፍሎ 0.30 ያገኛል። በዚህ መንገድ በደካማ ዝግጅት የገባ ክፍልና በጠንካራ ዝግጅት የገባ ክፍል በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች የሞሉበትን ክፍል የሚያስተምር መምህር ሊዳኝ የሚገባው ክፍሉ በደረሰበት ነጥብ ብቻ ሳይሆን ከተነሣበት ነጥብ ባስኬደው መንገድ ነው።

ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 62 ኮርሶችንና 6,542 ተማሪዎችን አካትቷል። በተለመደው ገለጻ ብቻ የተሰጡት 14 ኮርሶች በአማካይ 0.23 አስመዘገቡ፤ ተማሪውን የሚያሳትፉት 48 ኮርሶች ደግሞ 0.48። መምህርታችን የራሷን ቁጥር ይዛ ወደዚህ ሠንጠረዥ ስትመጣ የት እንደቆመች ታውቃለች።

በርግጥ ወጥመድ አለው። በመጨረሻው ፈተና ያልተገኙ ተማሪዎች ደካሞቹ ከሆኑ አማካዩ ያለማስተማር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መቆጠር ያለባቸው ሁለቱንም ፈተና የወሰዱት ብቻ ናቸው፤ የቀሩትም ስንት እንደሆኑ መጻፍ አለበት። ፈተናውን እያሰቡ ለፈተናው ብቻ ማስተማርም ይቻላል፤ እንዲያ የሚያደርግ መምህር ቴርሞሜትሩን በእጁ አሙቆ ትኩሳት እንደሚያሳይ ልጅ ነው። የተማሪዎቹ ስም ከመረጃው መውጣት፣ ፈተናውም በነጥባቸው ላይ ጉዳት እንደሌለው አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ማነጻጸሪያም ያስፈልጋል። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው ከ260 በላይ ተማሪ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ለአንድ ሳምንት ያህል በተለያየ መንገድ ተማሩ። አንዱን ልምድ ያለውና ከፍተኛ የግምገማ ነጥብ ያለው መምህር በገለጻ አስተማረ፤ ሌላውን ልምድ የሌለው ግን በአዲሱ ዘዴ የሠለጠነ ሰው በጥያቄና በውይይት አስተማረ። በጋራው ፈተና የመጀመሪያው ክፍል 41 በመቶ፣ ሁለተኛው 74 በመቶ አመጡ። የእኛ መምህርት ሁለት ትይዩ ክፍሎች ላይኖሯት ይችላሉ። የዘንድሮውን ክፍል ከአምናው ክፍሏ ጋር ማነጻጸር ግን ትችላለች፤ እርሱም ቢሆን አምና የመጀመሪያውን ሳምንት ፈተና ሰጥታ ከነበረ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሽልማቱ ጥሪ በሰኔ ቢወጣ፣ የመስከረሙን ፈተና በሰኔ መስጠት አይቻልም። ምስክር ወረቀት ጠፍቶ ቢሆን ቅጂው ይወጣል፤ ያልተለካ መነሻ ግን ቅጂ የለውም። ብዙ ጥሩ መምህራን በማመልከቻቸው ላይ ምስክር ወረቀት ብቻ የሚያቀርቡት ሥራቸው ስላልነበረ ሳይሆን መነሻውን ሳይለኩ ስለ ጀመሩ ይመስለናል።

በወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

የግምገማ ኮሚቴ አባል ሆነን በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ፋይሎችን እንደምናነብ እናስብ። «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴን በመጠቀም ተማሪዎቼን ውጤታማ አድርጌያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ሊታመንም ሊካድም አይችልም፤ ስለዚህ ምንም አይናገርም። አሁን ደግሞ የመሪዋ መምህርታችን እንዲህ ብትጽፍ እንመልከት።

«በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ፈተና ከወሰዱት 52 ተማሪዎቼ መካከል 37ቱ በማይለወጥ ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ወደ ፊት የሚያመዝን ጉልበት ያርፍበታል ብለው መለሱ። ይህን ለመለወጥ ሦስት ክፍለ ጊዜዎችን ከገለጻ ወደ ክርክር ቀየርሁ። በመጨረሻ በዚህ መልስ የጸኑት 15 ናቸው። የክፍሉ አማካይ ከ40 ወደ 58 ከፍ ብሏል፤ ይህም 0.30 ነው። አምና በገለጻ ብቻ ሳስተምር ከ38 ወደ 50፣ ማለትም 0.19 ነበር። በሦስተኛው የኒውተን ሕግ ላይ ግን ምንም ለውጥ አላገኘሁም፤ ምክንያቱንም ገና አላወቅሁትም።»

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። አንባቢው ሊመረምረው የሚችል ነገር ተሰጥቶታል። 0.30 ከሄክ 0.48 በታች ነው፤ መምህርቷም አልደበቀችውም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በብዙ አመልካቾች ዘንድ የሚፈራ ነው። ለሽልማት ሲጻፍ ድክመት ይነገራል ወይ ይባላል። በእኛ አስተያየት መነገር አለበት። ያልሠራለትን ነገር የማይጠቅስ ሪፖርት የሠራለትንም በጥንቃቄ እንዳልለካ ያስጠረጥራል።

የተማሪዎችን ደብዳቤ በተመለከተም እንዲሁ ነው። «መምህራችን እንደ እናታችን ናት» የሚል ደብዳቤ ልብ ይነካል፤ ኮሚቴው ግን ከዚህ ስለ መማር ምንም አይረዳም። «ባቡሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የገፋኝ ምን እንደሆነ ሁልጊዜ እጠይቅ ነበር፤ የገፋኝ ነገር እንደሌለ የተረዳሁት በእርሷ ክፍል ነው፤ በሁለተኛ ዓመት መካኒክስም ይህ ረድቶኛል» የሚል ደብዳቤ የጻፈ ተማሪ ለመምህሩ ትልቅ ውለታ ውሏል። ደብዳቤ እንድትጽፉ ብትጠየቁ ምስጋናውን አሳጥራችሁ ድርጊቱን አስረዝሙት። ከተመረቁ ተማሪዎች የሚመጣ ደብዳቤ ደግሞ የቀጣዩን ኮርስና የሥራውን ዓለም ምስክርነት ስለሚይዝ ከሁሉ ይበልጣል።

የባልደረቦችን ማስረጃ በአጭሩ እንለፈው። ክፍል ገብቶ ያየ ባልደረባ ያየውን ከነቀኑ ቢጽፍ፣ ይልቁንም የመምህርቷን የጥያቄ ወረቀቶች ወስዶ በራሱ ክፍል ተጠቅሞባቸው ከሆነ ይህንኑ ቢገልጽ፣ ብዙ ገጽ ከሚፈጅ አድናቆት የበለጠ ይመዝናል። የሥልጠና ምስክር ወረቀት ከነጭራሹ ባይያያዝ እንኳ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለንም፤ ሥልጠናው በክፍል ውስጥ ምን እንደለወጠ ከተጻፈ ወረቀቱ ትርፍ ነው፤ ካልተጻፈም ወረቀቱ አያድነውም።

ከእንጦጦ አናት

መምህርታችን በየማለዳው የምታየው ጋራ ራሱ አንድ ታሪክ አለው። በእንጦጦ አናት ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከል ይገኛል። በትውልድ ሰርቢያዊት የሆነችው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሚርያና ፖቪች በዚያ ለዓመታት አስተምራለች፣ ተመራምራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳታሚዎች የሰጡትን ሽልማት፣ በ2021 ደግሞ የአውሮፓ ሥነ ፈለክ ማኅበር በጆስሊን ቤል በርኔል ስም የሰየመውን ሜዳልያ ተሸልማለች። የተሸለመችው ስለ ጋላክሲዎች ባሳተመችው ምርምር ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሥነ ፈለክን በማስተማርና በማስፋፋት፣ ልጃገረዶችም ወደ ሳይንስ እንዲመጡ በመሥራቷ ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ስትመዘን የሚታየው ከእርሷ ውጭ የቀረው ነገር ነው፤ የሠለጠኑ ተማሪዎች፣ የቆመ ትምህርት ክፍል፣ የቀጠለ ምርምር።

በአገራችን በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማትም መምህርነትን ከዘርፎቹ አንዱ አድርጎታል። በዚህ ሽልማት መምህሩ ራሱ አያመለክትም፤ ሕዝብ ይጠቁመዋል። ራስን ማወደስ በሚያሳፍርበት ባህላችን ይህ አካሄድ ብዙዎችን ይመቻቸዋል። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ የሚከብዳቸው መምህራንም አሉ፤ ስለ ራሳቸው መጻፍ ጉራ ይመስላቸዋል። ለእነዚህ የምንሰጠው ምክር የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መለወጥ ነው። «እኔ» የሚለው ቦታ ላይ «ተማሪዎቹ» ሲገባ፣ ጽሑፉ ከውዳሴ ወደ ምልከታ ይለወጣል።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመሪ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በኮተቤ መምህራን ሲሠለጥኑ ኖረዋል፤ ተቋሙ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ከአንባቢያችን አንዱ በዚያ ተመርቆ ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሊቆም ይችላል።

ወደ መምህርታችን እንመለስ። የዘንድሮው ጥሪ አምልጧታል፤ የመነሻ መለኪያ አልነበራትምና አላመለከተችም። መስከረም ሲጠባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ስሟን በሰሌዳው ላይ ከመጻፏ በፊት፣ 30 ጥያቄዎች ያሉበትን ወረቀት ታድላለች። ነጥብ አይያዝበትም ስትል ክፍሉ በእፎይታ ይንጫጫል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሷ አክላበታለች፤ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የሚመለከት ነው። ከመሪ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጭነት የሞላ አይሱዙ የቆመ ባጃጅን ቢገጭ፣ አይሱዙው በባጃጁ ላይና ባጃጁ በአይሱዙው ላይ ካሳረፉት ጉልበት የትኛው ይበልጣል? ወረቀቱን ሰብስባ ስትቆጥር 58 ተማሪዎች መልሰዋል። አብዛኞቹ «የአይሱዙው» ብለዋል።